ሁለት ጊዜ የታረመው ወረቀት

እኛ ኮሌጅ ውስጥ አንዱ ኮርስ ብዙ ዓይነት ነበር። የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ኮርስ ነው፤ ሁሉም ዲፓርትመንት ይወስደዋል። አውትላይኑ አንድ፣ ክሬዲቱ አንድ፣ ፈተናው አንድ፤ ግሬዱ ግን እንደየመምህሩ ጠባይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ኤ ለመስጠት እጁ አይሳሳም፤ ተማሪዎቹ «ዝናብ» ይሉታል። ሌላው ቢ ፕላስ ከሰጠ የተሰረቀ ያህል የሚቆጨው ሰው ነው፤ እሱ «በጋ» ይባላል። እኔን «ዳጣ» እንደሚሉኝ ያወቅሁት ሁለት ተማሪዎች ኮሪደሩ ላይ ከኋላቸው መኖሬን ሳያዩ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ዳጣ ሶዶ ላይ ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚቀርበው፣ የበላውን ሰው ዓይን የሚያስለቅሰው የበርበሬ ማባያ ነው። እዚያው ተናደድኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፣ ልክ ነበሩ።

ለጋሼ ያወጡላቸው ስም «ሚዛን» ነበር።

ጋሼ የምላቸው ሰው ዘመዴ አይደሉም። የአባቴ አባት ከሰሜን ለሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔ እዚሁ ሶዶ ተወልጄ የአገሩ ቋንቋ፣ ወላይታቶ፣ ዛሬም ይሰባበርብኛል። አባቴ ለሥራ ቦምቤ ሲመደብ ዘጠነኛ ክፍል እዚያ ገባሁ። ልጆቹ በቋንቋቸው ሲቀልዱ ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነበር እኔ የምስቀው። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያ ድርሰቴን ስለ ባሕር ዳርቻ ጻፍኩ፤ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከሃያው ሰባት ሰጡኝና ግርጌው ላይ «ይሄን ያንቺ ዓይን አላየውም። ያየሽውን ጻፊ» ብለው በአረንጓዴ እስክሪብቶ ጻፉልኝ። ሲያርሙ ቀይ አይነኩም። «ቀይ ቁም ነው፤ አረንጓዴ እለፍ ነው። ልጅ እያለፈ ነው የሚማረው» ይሉ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሶዶ ኮሌጅ ተቀጥሬ ስመጣ ጋሼን እዚያ አገኘኋቸው። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው በኮንትራት ያስተምራሉ። እንደ ባልደረባ ሊያዩኝ ሞከሩ፤ እኔ ግን እሳቸው ሲገቡ ከወንበሬ መነሳቴን ለአንድ ቀን እንኳን አልተውኩም።

ጋሼን ያንገበገባቸው የሁለት እህትማማቾች ነገር ነው። ልጆቹ ከአንድ ቤት መጥተው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከአንድ ደብተር ያጠኑ ነበር። ታላቂቱ ለዝናብ ደረሰች፣ ታናሺቱ ለበጋ። ታላቂቱ አለፈች፤ ታናሺቱ ነጥቧ ጎደለና ተባረረች። ጋሼ የሁለቱንም ወረቀት አስመጥተው አዩ፤ የተሻለችው ታናሺቱ ነበረች። ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ ጋሼ ባጃጅ አስቁመው አብረዋት ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ሲመለሱ ግን ፊታቸው ከስሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «ሌሎች ጉዳዮች» ሲባል የሚነሳው እጅ የጋሼ ነው። አንድ ኮርስ በአንድ መስፈርት ይታረም፤ አንድ ልጅ ዕድሉ በመምህር ዕጣ አይወሰን። ዲን ይመጣል፣ ዲን ይሄዳል፤ ሁሉም «መልካም ሐሳብ ነው፣ ይጠና» ይላሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ዲን መጣና እውነትም ይጠና አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጋሼ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንን። ያን ዕለት ጋሼ ሻይ ጋበዙኝ፤ ከደስታ ብዛት ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ከፈሉ። የደስታ መስሎኝ ነበር ማለቴ ነው።

ሕጉን የነደፉት እሳቸው ናቸው። የተማሪው ስም ይሸፈናል፤ ወረቀቱ ኮድ ይሰጠዋል፤ ኮፒ ይደረግና ለሁለት መምህራን ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን ማርክ አያይም። ሁለቱ ከሃያው የሰጡት ማርክ ከሦስት ነጥብ በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ሰው ያያል። ያው ሰው ያንኑ ወረቀት ሁለት ጊዜ እንዳያርም የሚከለክለውን አንቀጽ ሲያጽፉኝ ሳቅሁ፤ ማን ያደርገዋል ብዬ ነው። «ጻፊ» አሉኝ። «ሕግ የሚጻፈው ለማይሆን ለሚመስለው ነገር ነው።»

የሙከራው ስብሰባ በጸሎት ተከፈተ፤ ልማዳችን ነው። የአምናን አንድ የተማሪ ድርሰት አባዝተን ለሁሉም አደልን። እያንዳንዱ አርሞ ማርኩን ይናገራል፤ ከዚያ ልዩነታችንን እንነጋገርበታለን። አርመን ጨረስን። በእኛ ዘንድ ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ አይቀድምም፤ ሥጋ ሲቆረጥም፣ ነገር ሲቆረጥም ያው ነው። «ጋሼ ይቅደሙ» ተባለ።

ጋሼ «አሥራ ሰባት» አሉ።

ድርሰቱ የአሥራ ሰባት ድርሰት አልነበረም። እኔ አሥራ አንድ ጽፌለት ነበር። ዝናብ አሥራ ሰባት አለ፤ ከእሱ እንኳን ይጠበቃል። በጋ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ «አሥራ ስድስት ተኩል» ሲል ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ሰውየው በዕድሜው አሥራ ስድስት ተኩል ሰጥቶ አያውቅም። ዲኑ ደስ ብሎት እጁን አፋተገና «እንግዲያማ ድሮውንም ልዩነት የለንም» አለ።

አፌ አላስቀምጥ አለኝ። «ይሄ መስማማት አይደለም፤ መከባበር ነው» አልኩ። «ሌላ ወረቀት አምጡና ሁላችንም ማርካችንን በብጣሽ ወረቀት ጽፈን እንድፋ። ከዚያ አንድ ላይ እንግለጥ።»

ዲኑ ቅር አለው። ጋሼ ግን ከልባቸው ሳቁ። «ዳጣ ልክ ናት!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ለካ የእኔንም ቅጽል ስም ያውቃሉ።

ሁለተኛው ድርሰት ከፊተኛው ይሻላል። አርመን ጻፍን፣ ደፋን፣ ገለጥን። ዝናብ አሥራ አምስት። በጋ አሥራ አንድ። እኔ አሥራ ሦስት። የጋሼ ብጣሽ ላይ በአረንጓዴ አራት ተጽፏል።

አራት። ቀድሞ የተናገረው ዝናብ ነው። «እኔ እንግዲህ እንደምታውቁኝ አበዛለሁ፤ ጋሼ ያዩትን ሳላይ ቀርቼ ነው» አለ። በጋም ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ ልክ እንደዚያው አለ። ሌላው ዝም አይነቅዝም ብሎ ፋይሉን አጠፈ። ጋሼ ብጣሿን አንስተው እያገላበጡ አይዋት፤ እንደማያውቁት ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ «ለዚህ ነው ሚዛን የሚያስፈልገው» አሉና ስብሰባው ተዘጋ። ደክሟቸው ነው አልኩ። ማታ ማታ ሲያርሙ ስለሚያመሹ ነው አልኩ። ሰው የሚወደውን ሰው ነገር ሲያይ ምክንያት አያጣም።

ከሳምንታት በኋላ የጋሼ ክፍል ተወካይ ቢሮዬ መጣች። ከዲምቱ የመጣች ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ነጠላ ጫማዋ ሁልጊዜ የታጠበ። ባለፈው ሴሚስተር ነጥቧ ጎድሎ ዋርኒንግ ላይ ናት፤ በዚህ ኮርስ ከወደቀች ወደ ቤቷ ነው። በሩ ላይ ቆማ ብዙ ካቅማማች በኋላ፣

«ቲቸር፣ ጋሽዬ ኩዊዙን ደገሙት» አለችኝ።

«የቱን ኩዊዝ?»

«ያው ያለፈውን። ጥያቄዋም ያው ናት። አርመው መልሰውልን ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን አላችኋቸው?»

«ምንም። ተፈተንን።»

«ለምን አልነገራችኋቸውም?»

ደንግጣ አየችኝ፤ ነውር የተናገርኩ ያህል። «እንዴት ይነገራል ቲቸር? ያፍራሉ እኮ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግን አላጭበረበርንም» አለች። «ክፍሉ ተመካክሮ ነው። በፊት የሳትናትን አሁንም ሳትናት። ማርካችን ያው ነው።»

ከወጣች በኋላ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ፣ መልሱን እያወቀ፣ መምህሩ እንዳያፍሩ ብሎ አውቆ ተሳሳተ። በየስብሰባው ስለ ተማሪ ሥነ ምግባር ስንጮህ የምንውል ሰዎች ነን።

ለማን ልንገር? ለዲኑ ከነገርኩ ኮንትራታቸው ይቋረጣል። ለጋሼ ልንገር ብዬ ሁለት ጊዜ ቢሯቸው ድረስ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ደህና ነበሩ። እንደውም ከእኔ የተሻሉ ነበሩ፤ አንዱን የመመሪያውን አንቀጽ በቃላቸው አርመው አሻሽለውልኝ ተመለስኩ። ይሻላቸው ይሆናል በሚል ተስፋ ቀኑን አሳለፍኩት።

የሴሚስተሩ ፋይናል በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው ነበር። ስም ተሸፈነ፣ ወረቀት ተባዛ፣ ታደለ። ጋሼ ድርሻቸውን አርመው ከሁላችንም ቀድመው መለሱ። ከዚያ በጋ የአጎቱ ለቅሶ ደርሶበት ወደ ገጠር ሄደ፤ የእሱ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ሬጅስትራር ደግሞ ግሬድ አስገቡ እያለ ይወተውታል። ማንም ሳይጠይቃቸው ጋሼ ጥቅሉን ወሰዱት። «ወንድማችን ሐዘን ላይ ነው፣ እኔ አግዘዋለሁ» ብለው አረሙት። የዚያ ጥቅል መንታ ኮፒ ባለፈው ሳምንት ራሳቸው ያረሙት ነበር።

ማርኮቹን ማጣመር የጸሐፊዋ ሥራ ነው፤ የእኔ ማለት ነው። ሁለቱን ኮፒ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑብኝ። አንዳንዶቹ ተቀራርበዋል። አንዳንዶቹ ሰማይና ምድር ናቸው። አንዱ ወረቀት የባለቤቱ ስም ቢሸፈንም የማን እንደሆነ አወቅሁት፤ ቢላቴ ወንዝ በገበያ ቀን ሞልቶ ከዲምቱ የመጡ ሴቶች ማዶ እንደቀሩና ማሰሯቸውን ከራሳቸው ሳያወርዱ ወንዙ እስኪጎድል ቆመው እንደጠበቁ የሚተርክ ነበር። እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል፤ ሴቶቹ ግን ቆመዋል። በመጀመሪያው ኮፒ ላይ ጋሼ አሥራ ስምንት ሰጥተው «ወንዙን አየሁት» ብለው ጽፈዋል። በሁለተኛው ላይ አምስት ሰጥተው «ይህች ልጅ ምን ማለት እንደፈለገች አልገባኝም» ብለዋል።

ጥቅሉን ለሦስተኛ ሰው ሰጥቼ ዝም ልል እችል ነበር። ሕጉም ይፈቅድልኛል። ግን መጪው ሴሚስተር አለ፤ ከዚያም ሌላው አለ፤ ተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ ዋርኒንግ ላይ የሚሆን አይጠፋም። ያችን ጋሼ መናኸሪያ ድረስ የሸኟትን ልጅ አስብ ነበር። ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን ኮፒ ይዤ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። እትዬ የተወለዱትና ያደጉት ዱቦ ገጠር ነው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፣ እኔን ካወቁኝ ቀን ጀምሮ «ግባ ልጄ» ነው የሚሉኝ። ሌላ ጊዜ «እትዬ፣ ጢም አበቀልኩ እንዴ?» እያልኩ አስቃቸዋለሁ። ያን ቀን አልቀለድኩም፤ እሳቸውም የያዝኩትን ወረቀት አዩ። ክንዴን ያዙኝ።

«ቀስ አድርገህ ንገረው» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ ያወቅሁት ቆይቷል። ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የጎረቤትን በር ሲያንኳኳ ነበር።»

ጋሼ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ደህና ቀናቸው ነበር፤ ያ ነው የባሰው። ስለ አባቴ ጤና ጠየቁኝ፤ እትዬ የተቀቀለ ቦዬ፣ የአገሩን ሥራ ሥር፣ በዳጣ አቀረቡ፤ ጋሼ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ዘመድሽን ብዪ» ብለው ቀለዱብኝ። ሳህኑን ወደ ጎን አደረግሁት። ወረቀቶቹን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ይዩልኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ድርሰቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሲጨርሱ ፊታቸው በራ። «አየሽ? ይሄ ያየችውን የጻፈች ልጅ ናት» አሉ። ከዚያ ማርኮቹን ተመለከቱ፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ እንደገና አንዱን። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«አረንጓዴ መጠቀሙስ ደግ ነው» አሉ። «የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ሁለቱንም ያረመው አንድ ሰው ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አንቀጹን አላነበበም?»

«ረስቶት ይሆናል።»

የቦምቤው መምህሬ ፊት መጣባቸው፤ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ የሚልለት ፊት። «እንግዲህ ስሚኝ» አሉ። «ጥብቅ መሆን ጥፋት አይደለም። ለጋስ መሆንም ጥፋት አይደለም፤ ተነጋግረን እናቀራርበዋለን። ራሱን በራሱ የሚቃረን ሰው ግን አይቀራረብም። ይሄ ሰው ማረም የለበትም። ከነገ ጀምሮ አንድ ወረቀት አትስጡት። ልጆች ይጠፋሉ።» ቀጥለውም «ግን እንዳታዋርዱት» አሉ። «በስብሰባ እንዳይነገረው። አንድ ሰው ብቻውን ይንገረው። አንቺ ንገሪው፤ አፍሽ ያቃጥላል እንጂ ልብሽ ደህና ነው።»

«እሺ» አልኩ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ተነሳሁ። እንደ ልማዳቸው እስከ በሩ ሊሸኙኝ አብረውኝ ተነሱ። እትዬ ከጓሮ ቆመው ያዩናል። የቆርቆሮውን በር ከፍተው ሲያበቁ መያዣውን እንደያዙ ቆሙ።

«ማነው?» አሉኝ።

ጋሼ ውሸት አይወዱም። ድርሰት ላይ እንኳን አይወዱም። «እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

በሩን አልለቀቁም። በመንገዱ ባጃጅ አለፈ፤ የሆነ ጎረቤት «ሳሮ!» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው፤ በጨዋ ደንብ እጃቸውን አንስተው መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ሞልቷል።

«ልጅቱስ?» አሉኝ። «የወንዟ ልጅ? የእሷ ነገር ምን ሊሆን ነው?»

«ሦስተኛ ሰው ያየዋል፣ ጋሼ። ሕጉ አለ።»

«አዎ» አሉ። «ሕጉ አለ።»

ሰኞ ጠዋት ዲኑ ቢሮ ራሳቸው ገብተው ማረም ማቆማቸውን ተናገሩ። ዲኑ ሊለምናቸው ሞከረ፤ አረንጓዴዋን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። የልጅቱን ወረቀት ያረመው ዝናብ ነበር። ሕጉን ተከትሎ ሳይጨምር ሳይቀንስ አረመው፤ አለፈች። ለጋሼ ልነግራቸው ሮጬ ሄድኩ፤ ደስ አላቸው፤ በማግስቱ ግን ስለ እሷ እንደገና ጠየቁኝ።

ይህ ከሆነ ወዲህ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ መጥቶ አልፏል። አንድ ወጡ የግሬድ መስፈርት አሁን ኮሌጁ ውስጥ ለሁሉም ኮርስ ይሠራል፤ ዝናብና በጋ የሚለውን ስም አዲስ ገቢ ተማሪዎች አያውቁትም። እኔ ብቻ ነኝ እስካሁን ዳጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ዘንድ እሄዳለሁ። ጋሼ አንዳንዴ ያውቁኛል፤ አንዳንዴ ቦምቤ የገባሁ አዲስ ተማሪ ያደርጉኝና አባቴ ማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። ልቤ ይደማል፤ ሌላ ምን ይባላል።

ባለፈው ቅዳሜ ከአቮካዶው ሥር ተቀምጠን ሳለ ድንገት ቀና አሉ። ያች የኮሚቴ ሰብሳቢነት ድምፃቸው መጣች።

«ያንን መምህር ነገርሽው ወይ?»

የቱን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ነግሬዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ለብቻው?»

«ለብቻው፣ በሩ ላይ።»

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልጅቱ ነው።»

ጋሼ ይህን በጥሞና አሰቡበት፤ ማርክ ሊሰጡ እንደሚያስቡ ዓይነት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ጥሩ መምህር ነበር» አሉ።

«በጣም ጥሩ መምህር ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።